ደብዳቤዬ ፎቅ መውጣት አልቻለም

ለወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት
ግልባጭ፦ ለእድር ዳኞች፣ ለባጃጅ ነጂዎች፣ ለወጌሾች

እንዴት ከረማችሁ። ይህን ደብዳቤ በእጄ ላደርስ ማክሰኞ ዕለት መጥቼ ነበር። ቢሯችሁ ፎቅ ላይ ነው፣ እኔ ዊልቸር ላይ። ደረጃውን ከታች ሆኜ ቆጠርኩት። እስከሚታየኝ ድረስ 14 ነው፣ ከዚያ ይታጠፋል። ጥበቃው ደግ ሰው ናቸው፣ "ልጆች ልጥራና ይሸከሙህ?" አሉኝ። ይቅርብኝ አልኩ። ሰው ሲሸከመኝ ምን እንደሚመጣ ከ9 ዓመት በፊት አይቼዋለሁ። "እሺ፣ መዝገብ ቤት ልስጥልህ?" አሉኝ። መዝገብ ቤት የገባ ወረቀት መቼ እንደሚወጣ እኔም እናንተም እናውቃለን። ስለዚህ እዚህ ጻፍኩት፣ ሁሉም ያንብበው። ጉዳዬ አከርካሪው ውስጥ ያለው ነርቭ የተጎዳ ሰው እንዴት እንደሚነሳና ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሚኖር ነው።

የምኖረው ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ሞባይል እጠግናለሁ። ድሮ ሥራዬ ቆርቆሮ መምታት ነበር። ጥቅምት ላይ የአንድ ሰው ቤት ጣሪያ እየጨረስን ሳለ የቆምኩበት የባህር ዛፍ ማገር ቀጭ አለና ተሰበረ። ከፍታው 4 ሜትር ቢሆን ነው። በመቀመጫዬ ነው የወረድኩት።

ስለ ሕመሙ አላወራም። የማልረሳው እግሬን ነው። ገና አልሞተም ነበር። ጉንዳን የሚሄድበት ይመስል ውርር ይለኝ ነበር፤ የቀኝ አውራ ጣቴንም ያንቀሳቀስኩት ይመስለኛል። ከዚያ ጓደኞቼ ደረሱ። ክፉ አላሰቡም፣ እግዜር ይስጣቸው። አንዱ በብብቴ፣ አንዱ በጉልበቴ ሥር ገባና ብድግ አደረጉኝ። መሐሌ እንደ ጤፍ ከረጢት ረገበ። ባጃጅ ውስጥ አስቀመጡኝ። ልብ በሉ፣ አስቀመጡኝ ነው ያልኩት፣ አላስተኙኝም። አንዱ ከጎን ደግፎኝ በዚያ ኮረኮንች እየዘለልን ሄድን። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ውርርታው የለም። ከወገቤ በታች ዝም ብሏል።

ቆይቼ ሐኪሙን ጠየቅኩት። ባጃጁ ነው የጎዳኝ? "አይታወቅም" አለኝ። "ስትወድቅ ያለቀለት ሊሆን ይችላል፣ ሲያነሱህም የተጨመረ ሊሆን ይችላል።" ከዚህ መልስ ጋር 9 ዓመት ኖርኩ። ጓደኞቼ ይህን እንዲሰሙ አልፈልግም ነበር፣ አሁን ግን ሌላው ሰው እንዲሰማ ስል ጻፍኩት።

ሰፈር ውስጥ "ወገቡ ተሰበረ" እንልና ወሬውን እንዘጋለን። አጥንቱና ነርቩ ግን ለየቅል ናቸው። አከርካሪ 33 አጥንት ተደራርቦ የቆመ ዓምድ ነው፣ የታችኞቹ እርስ በርስ የተጣበቁ ናቸው። በመሐሉ ባለው ቀዳዳ ህብለ ሰረሰር የሚባለው የነርቭ ገመድ ይወርዳል። ውፍረቱ ትንሿን ጣት ያህላል፣ ርዝመቱ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ማለትም አንድ ክንድ። ከአንጎል ሥር ተነስቶ ወገብ መጀመሪያ ላይ ያልቃል። ከዚያ በታች ነርቮቹ ተበትነው ነው የሚወርዱት፣ ሐኪሞች ራሳቸው "የፈረስ ጭራ" ነው የሚሏቸው። ግራና ቀኝ 31 ጥንድ ነርቭ ከዚህ ገመድ ይወጣል። "እግር ተነሳ" የሚለው ትእዛዝ በዚህ ይወርዳል፣ "እሾህ ወጋኝ" የሚለው አቤቱታ በዚህ ይወጣል። የሽንት፣ የላብ፣ የደም ግፊት ትእዛዝም በዚሁ መንገድ ነው የሚመላለሰው፤ ሰው ግን እግር እግሩን ብቻ ያያል።

የተመታው ቦታ ወደ ላይ ከፍ ባለ ቁጥር የሚቀረው ያንሳል። አንገት ላይ ያሉት 3ኛ፣ 4ኛና 5ኛ ነርቮች ዋናውን የመተንፈሻ ጡንቻ ያዛሉ። ከእነሱ በላይ ሙሉ በሙሉ የተጎዳ ሰው ያለ መሣሪያ አይተነፍስም። 6ኛው አካባቢ የተመታ ሰው ክንዱን ያጥፋል፣ አንጓውን ያነሳል፣ ብርጭቆ መጨበጥ ግን ያቅተዋል። ከደረት ወደታች የተመታ ሰው እጁ ሙሉ ነው። እኔ የደረቱ አልቆ የወገቡ በሚጀምርበት ላይ ነኝ፣ ከከፍታ በመቀመጫው ለወደቀ ሰው የተለመደ ቦታ ነው።

ሌላው ጥያቄ ነርቩ ሙሉ በሙሉ ነው ወይስ በከፊል የተጎዳው የሚለው ነው። ይህን የሚለዩት ፊንጢጣ አካባቢ ስሜት መኖሩን በጣት ፈትሸው ጭምር ነው። እናቴ ይህን ስታይ "ምን ነውር ነው!" ብላ ሐኪሙን ልትመታው ነበር። እዚያ ጋ ትንሽ ስሜት ከተገኘ ግን ትልቅ ተስፋ ነው፣ በከፊል የተጎዳ ሰው ብዙ ነገር ሊመለስለት ይችላል። ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ነርቩ ደንግጦ ጭር ይላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን "በቃ፣ አለቀ" የሚል ሰው ቸኩሏል።

የወደቀ ሰው ጉዳቱ መሬት ሲነካ አያበቃም። ውስጥ ውስጡን ይደማል፣ ነርቩ ያብጣል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ኦክስጅን ያንሰዋል፣ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ የተረፈውም እየሞተ ይሄዳል። ሐኪም የሚሮጠው ይህን ለማስቆም ነው። ግፊቱን ከፍ አድርጎ ይይዛል፣ ነርቩን የተጫነውን አጥንት ያነሳል፣ ከተቻለ በ24 ሰዓት ውስጥ። እኔ የተቀደድኩት በ11ኛው ቀን ነው። ሪፈሩ፣ አልጋው፣ ገንዘቡ እርስ በርስ ሲጠባበቁ። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ፣ የዓባይን በረሃ ቁልቁል ወርጄ ሽቅብ ወጥቼ፣ የአምቡላንሱን ጣሪያ ስቆጥር አዲስ አበባ ደረስኩ። ጀርባዬ ውስጥ ብሎን ገባ። ቤተሰቤ ብሎኑ ከገባ በኋላ ነገ የምነሳ መስሏቸው ነበር። ብሎን አጥንት ያጸናል እንጂ ነርቭ አይሰፋም። የእጅ ነርቭ ቢቆረጥ ቀስ እያለ ሊያድግ ይችላል፣ የህብለ ሰረሰሩ ግን ጠባሳ ሠርቶ ይቆማል። ይህን ማንም ቀድሞ ቁጭ ብሎ ቢነግረን ኖሮ አባቴ በሬዎቹን አይሸጥም ነበር። "ነርቭ የሚያድስ" ተብሎ በፌስቡክ የሚሸጥ መርፌ አለ፣ ገንዘቡ ለዚያ ነበር። ምርምሩ አለ፣ ነርቩን በኤሌክትሪክ እያነቃቁ አንዳንድ ሰው እንዲንቀሳቀስ ያደረጉ ሐኪሞችም አሉ፣ ግን እስካሁን ማንም ገዝቶ የሚድንበት ነገር አልተገኘም።

አሁን የወደቀ ሰው ስለሚነሳበት ቃሬዛ። እድር ዳኞች፣ ይህ ለእናንተ ነው።

ጎጃም ውስጥ ቃሬዛ የማያውቅ የለም። ነፍሰ ጡር፣ በሽተኛ፣ አስከሬን፣ ሁሉም በቃሬዛ ነው የሚሄደው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው እንላለን፣ እኛ ደግሞ ሃምሳ ሰው አናጣም። ፈረንጅ በገንዘብ የሚገዛው የበሽተኛ መሸከሚያ ከእድሩ ቤት ተንጠልጥሎ አለ ማለት ነው። እኔን ግን በቃሬዛ ያነሳኝ የለም፣ ባጃጅ ቅርብ ስለነበረ። ባጃጅ ሥልጣኔ መሰለን።

ከጣሪያ፣ ከዛፍ፣ ከበቅሎ የወደቀ፣ የጉድጓድ አፈር የተናደበት፣ መኪና የገጨው፣ በሬ የወጋው ሰው ካያችሁ፣ አንገቱን ወይ ጀርባውን ካመመው፣ እግሩ ከደነዘዘ ወይ ካልታዘዘ፣ ወይ ራሱን ከሳተ፣ አታንሱት። እሳት ወይ ውኃ ወይ መኪና የሚመጣበት ቦታ ካልሆነ እዚያው ይቆይ። አንድ ሰው ከራስጌው ተንበርክኮ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይያዝ፣ አፍንጫው ከእምብርቱ ጋር ትክክል ሆኖ። አዛዡ እሱ ነው፣ ሌላው አይናገር። ሦስት ወይ አራት ሰው በአንድ ጎን ይደርደር፦ ትከሻ፣ ዳሌ፣ ጉልበት። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ሲል ሰውየውን እንደ ግንድ ሳይጠመዘዝ አንድ ላይ ወደ ጎን ያዙሩት፣ ሌላ ሰው ጣውላውን ከሥሩ ያስገባ፣ እንደገና በቁጥር መልሱት። የገመድ ቃሬዛ መሐሉ ይረግባል፣ ስለዚህ ላዩ ላይ ጣውላ ይነጠፍ። ጣውላ ከሌለ በር ንቀሉ። በር ይሰቀላል በኋላ! ጋቢ ጠቅልላችሁ በጆሮው ግራና ቀኝ አድርጉ፣ ትራስ ከራሱ ሥር አታስገቡ። ውኃ አታጠጡት፣ ቀዶ ጥገና ሊገባ ይችላል። ቢያስመልሰው ከነጣውላው ወደ ጎን አዙሩት።

አንድ የማይታሰብ ነገር ልጨምር። ኪሱን ፈትሹ። ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ሞባይል፣ የቀበቶ ብረት፣ ሁሉም ይውጣ። የማይሰማው ሰው በቁልፍ ላይ ተኝቶ ሦስት ሰዓት ቢሄድ የቁልፉ ቅርጽ ሥጋው ውስጥ ይቀራል። ጣውላውም ለመንገድ ነው እንጂ ለማደሪያ አይደለም፣ ሆስፒታል እንደደረሰ ፍራሽ ላይ ይውረድ።

ይህን ሁሉ ለመማር ግማሽ ቀን ይበቃል። ባጃጅ ነጂዎች፣ እናንተን ከሥራ ልከለክላችሁ አይደለም። የወደቀ ሰው ስታዩ ቀድሞ ጥሩምባ የምትነፉት፣ ቀድሞ ስልክ የምትደውሉት እናንተ ናችሁ። ቃሬዛ የምታመጡ ሁኑ፣ በሽተኛውን ግን የኋላ ወንበር ላይ አታጥፉት። ላዳም ሚኒባስም ያው ነው፣ ወንበሩ ተነቅሎ በሽተኛው ካልተጋደመበት።

ወጌሾች ዘንድ መጣሁ። አልሳደብም። ልጅ ሆኜ የወለቀ ክንዴን የመለሱልኝ ሰውዬ ዛሬም አሉ፣ ሳገኛቸው እጅ እነሳለሁ። ከሆስፒታል ወጥቼ ቤት ስገባ እናቴ ሌላ ስመ ጥር ወጌሻ አስጠራች። ብሎን ያለበትን ጀርባ ሊያሹ! ቅቤውን ያዙ፣ ገለበጡኝ፣ ስፌቱን በጣታቸው ጫፍ ተከተሉት፣ ከዚያ እግሬን ቆንጠጥ አደረጉና ፊቴን አዩ። ምንም አልተሰማኝም። ቅቤውን ክዳኑን ገጠሙና "ይሄ የኔ ሥራ አይደለም፣ አያ፣ አጥንት ብቻ አይደለም የታመመው" ብለው ሄዱ። ብርም አልተቀበሉ። እንዲህ የሚል ወጌሻ ነው የምንፈልገው። የደነዘዘ እግር ካያችሁ፣ ሽንቱ ከያዘው፣ አትሳቡ፣ አታሹ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ስደዱት።

ሳይወድቁም ሽባ የሚያደርግ በሽታ አለ፣ እሱን ሳልጠቅስ አላልፍም። የአከርካሪ ቲቢ። ሳምባ ላይ ብቻ አይደለም የሚቀመጠው። ለወራት የማይለቅ የጀርባ ሕመም፣ ማታ ማታ ላብ፣ መክሳት፣ ከዚያ ጀርባ ላይ ጉብ የሚል ነገር፣ ከዚያ የእግር መዛል። ሰፈራችን ውስጥ አንዲት ልጅ ይህ ሲደርስባት "መጋኛ ነው" ተብሎ ሦስት ወር ከረመች። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው የሚሰጠው፣ ለወራት ሳያቋርጡ መዋጥ ይጠይቃል፣ በጊዜ ከተጀመረ የዛለ እግር ሊመለስ ይችላል። ልጅቷ ዛሬ ውኃ ትቀዳለች፣ በሱቄ በኩል ስታልፍ ጀሪካኗን አይቼ እቀናለሁ፣ ምን ልዋሽ። ጠበል የምትሄዱ ሰዎች፣ እኔም እጠመቃለሁ፣ መድኃኒቱን ግን ይዛችሁ ሂዱ። አታቋርጡት።

ከሆስፒታል መልስ ያለውን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ጽሕፈት ቤቱም የዘነጋው ይመስለኛል። የተሰበረ አከርካሪ ራሱ ብዙ ጊዜ አይገድልም። የሚገድለው የአልጋ ቁስልና ሽንት ነው።

ስወጣ የሰጡኝ ወረቀት ላይ የቀጠሮ ቀን ነበር። ስለ ቆዳ የነገረን ሰው የለም። ጤነኛ ሰው ተኝቶ ሳያውቀው ይገላበጣል፣ እኔ እንደ ተጋደምኩ አድራለሁ። አጥንቱ ሥጋውን ከፍራሹ ጋር ይጫነዋል፣ ደም አይደርስም፣ ሥጋው ይሞታል። በሦስተኛው ሳምንት ጭራ አጥንቴ ላይ ቁስል ወጣ። እናቴ ያወቀችው ከጠረኑ ነው። ሲከፈት ብርቱካን ይውጥ ነበር፣ ለመዳን 7 ወር ፈጀ። ያዳነኝ በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ ነው። እናቴ ሰዓት አታነብም፣ ስለዚህ የሞባይሌን ደወል ሞላሁላት፤ ሲጮህ ሌሊት ትነሳለች፣ በግራ፣ በጀርባ፣ በቀኝ። ከሥሬ አጎዛ አነጠፈችልኝ። አጎዛ ጥሩ ነው፣ መገላበጥን ግን አይተካም። ቁስል ደግሞ ሥጋ ለመሥራት ምግብ ይፈልጋል፣ ጾም ነበር፣ የነፍስ አባቴ መጥተው "እንቁላሉን ብላ፣ በሽተኛ ጾም የለበትም" አሉኝ። በላሁ።

ዛሬም ማታ ማታ መስታወት ይዤ መቀመጫዬን አያለሁ። ትስቁ ይሆናል። መጽሐፉ "መቅላቱን ተመልከቱ" ይላል፣ የእኛ ቆዳ ጠይም ስለሆነ ግን መቅላት ብዙም አይታይም። እኔ የምፈልገው ከሌላው የጠቆረ ቦታ፣ የሞቀ ቦታ፣ የጠነከረ ቦታ ነው። አምና አንድ አገኘሁ፣ የ25 ሳንቲም ያህል። ምክንያቱን ስፈልግ ስፈልግ የጂንስ ሱሪዬ የኋላ ኪስ ላይ ያለችው የብረት አዝራር ሆና ተገኘች። ያንን ቀን ሱቅ ውስጥ ስሠራ ሳልነሳ ውዬ ነበር። አሁን ሱሪ ስገዛ ከፊቱ በፊት ኋላውን ነው የማየው። በየ20 ደቂቃው ገደማ ደግሞ ወንበሬን ተደግፌ በክንዴ ብድግ እላለሁ፣ ደንበኛ "ልትሄድ ነው?" ይለኛል።

ሽንት። ነውር ነው ብላችሁ አትለፉት። ፊኛ መሙላቱን የሚነግረን ነርቭ የለም፣ ሲሞላ ደግሞ በራሱ በደንብ አይወጣም። ተጠራቅሞ ወደ ኩላሊት ይመለሳል፣ ኩላሊት ያበላሻል። እኔን ቱቦ ሰክተው ነው የላኩኝ። ቱቦው እዚያው 5 ወር ተቀመጠ፣ በየወሩ መቀየሩን ማን ያስታውስ፣ በየሁለት ሳምንቱ ትኩሳት ያንቀጠቅጠኝ ነበር፣ "ወባ ነው" እየተባልኩ። በመጨረሻ አንዲት ነርስ አዲስ አበባ ላይ ካቴተር የሚባለውን ቀጭን ቱቦ ራሴ እያስገባሁ ሽንቴን ማውጣት አስተማረችኝ። እጅ በሳሙና ታጥቦ፣ ቱቦው ጫፉ ላይ ቅባት ተደርጎ፣ በየ4 እስከ 6 ሰዓት። በአንድ ጊዜ ከግማሽ ሊትር በላይ እንዳይጠራቀም። መጀመሪያ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ በሦስተኛው ቀን እንደ ጥርስ መፋቅ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ትኩሳቱ እንደ ድሮው አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ጃክ ላፒደስ ይህን ዘዴ ያስፋፋው በፈረንጆቹ 1972 ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ ማለት ነው። እዚህ ከተማ ግን ካቴተር ብፈልግ አላገኝም፣ በተሳፋሪ ከደብረ ማርቆስ አስልካለሁ፣ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ያለኝን አጥቤ፣ አድርቄ እጠቀማለሁ። አዲስ ቢገኝ ይሻላል።

በአንድ ወቅት ዓለም ሁሉ እንደኛ ነበር። ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው በወራት፣ ቢበዛ በጥቂት ዓመት ውስጥ በቁስልና በሽንት ኢንፌክሽን ይሞት ነበር፣ ሐኪሞችም ተስፋ ቆርጠው ነበር። በ1936 ዓ.ም. ሉድቪግ ጉትማን የሚባል ከናዚ ሸሽቶ እንግሊዝ የገባ ሐኪም ስቶክ ማንድቪል በሚባል ሆስፒታል ክፍል ተሰጠው። ምን አደረገ? ተአምር አይደለም። በሽተኛውን በየሁለት ሰዓቱ አስገለበጠ፣ ሽንቱን በንጽሕና አስተናገደ፣ ከአልጋ አስነስቶ ቀስትና ኳስ አስያዘው። የሌሊቱን መገላበጥ ራሱ እየመጣ ይቆጣጠር ነበር ይባላል። እናቴ በሞባይል ደወል ያደረገችውን ማለት ነው። ከዚያ ቀስት ውድድር ነው ፓራሊምፒክ የተወለደው፣ የመጀመሪያው ተብሎ የሚቆጠረውም ሮም ላይ መስከረም 8፣ 1953 ዓ.ም. ተከፈተ። አበበ ቢቂላ በዚያችው ሮም በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጷጉሜን 5፣ 1952 ነው። በስምንት ቀን ልዩነት!

የአበበን መጨረሻ ሰው ሲያወራ አልሰማም። መጋቢት 1961 ዓ.ም. መኪናው ተገልብጦ አንገቱ ተጎዳ። ስቶክ ማንድቪል ሄደ፣ ወራት ተኛ፣ እጁ ተመለሰለት፣ እግሩ አልተመለሰም። በዓመቱ እንግሊዝ ላይ በዊልቸር ሆኖ ቀስት ተወዳደረ፣ ከዚያም ኖርዌይ ሄዶ በረዶ ላይ በውሻ በሚጎተት ጋሪ ተወዳደረ። ትምህርት ቤት የተማርነው በባዶ እግሩ የሮጠውን ብቻ ነው። ለእኔ ግን ቀስት የያዘው አበበ ይበልጥብኛል።

ከአንገታቸው ወይ ከላይኛው ደረታቸው ለተመቱት አንድ ነገር ብቻ። ከደረት አጋማሽ በላይ የተጎዳ ሰው ድንገት ራሱን ፍልጥ ካደረገው፣ ፊቱ ካላበውና ከጋለ፣ ይህ የደም ግፊት መናር ነው፣ አንጎል ላይ ደም ሊያፈስ ይችላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሞላ ፊኛ፣ የታጠፈ ቱቦ፣ ወይ የሆድ ድርቀት ነው። እስካሁን አስተኙ፣ አስተኙ ስል ነበር፣ ይሄኔ ግን ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ቀበቶውን አላሉ፣ ቱቦውን ፈትሹ፣ ሽንቱን አውጡ፣ ካልበረደ ወደ ሐኪም ሩጡ። አንድ ወዳጄ ሱቄ ውስጥ እንዲህ ሆኖ ቱቦው በዊልቸሩ ጎማ ሥር ተረግጦ ነበር። ጎማውን ወደኋላ ገፋ ስናደርገው ፊቱ ተመለሰ። ነርስ ሳይቀር "ግፊት አለብህ" ብሎ ክኒን ሊሰጠው ነበር።

ትዳርስ ለምትሉኝ፣ ሴቶቻችን ይወልዳሉ፣ ወንዶቹም በሐኪም እርዳታ ልጅ ያገኛሉ። እኔን ሠርግ ስትጠሩኝ "ይከፋው ይሆናል" ብላችሁ አትዝለሉኝ፣ ድንኳኑ መግቢያ ላይ ድንጋይ አትደርድሩ እንጂ።

እንግዲህ ከጽሕፈት ቤቱ የምፈልገውን ልንገራችሁ፣ ቀላል ነው። የእያንዳንዱ እድር አምስት ሰውና የባጃጅ ማኅበሩ ነጂዎች ግማሽ ቀን ይሠልጥኑ፣ ማሠልጠኛው የእድሩ ቃሬዛና አንድ ጣውላ ነው፣ የሚተኛውን ሰው እኔ እሆናለሁ። ካቴተር በወረዳው ፋርማሲ ይግባ፣ በጤና መድኑም ይሸፈን፣ ውድ ነገር አይደለም፣ የአንድ ኩላሊት እጥበት ዋጋ ስንት ወር እንደሚያቆየን አስሉት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤታችን ስትመጣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ካርድ ከማየቷ በፊት የተኛውን ሰው ጀርባ ገልጣ ትይ። ዊልቸር ስታድሉ ሰውየውን ለኩ። ለእኔ የደረሰኝ የሆስፒታል ኮሪደር ዊልቸር ነው፣ ሁለት እኔን ይይዛል፣ ኮብልስቶን ላይ ጥርስ ያራግፋል፣ ክረምት ጭቃ ላይ ደግሞ ወንድሜና የወንድሜ ጓደኛ ናቸው የሚነዱት። የመቀመጫ ትራስ የሌለው ዊልቸር ቁስል ማምረቻ ነው።

ደረጃውም አለ። የሕንፃ አዋጁ 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ ምቹ እንዲሆን አዝዟል። ፎቁን አፍርሱ አላልኩም። አንድ ጠረጴዛና አንድ ሰው ምድር ቤት አስቀምጡልን። ጤና ጣቢያው በር ላይ ያሉት ሦስት ደረጃዎች ደግሞ ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ ነው የሚፈልጉት። ሲሚንቶውን እኔ ልግዛ፣ እድራችን አሸዋ ያመጣል፣ እናንተ ፈቃዱን ስጡ።

መልስ ካላችሁ ሱቄ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ነው፣ ሰማያዊ በር፣ ደረጃ የለውም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አለሁ። 10 ሰዓት ላይ ብቻ አትምጡ፣ ያኔ በሩን ዘግቼ ካቴተሬ ላይ ነኝ፤ ሩብ ሰዓት ጠብቁኝ።